«ሂንደር» እና «ፕሪቨንት»፦ ሥራው ተጓተተ ወይስ ቀረ?

የመመረቂያ ጥናቷን በጅማ ዙሪያ ባሉ አነስተኛ ቡና አምራቾች ላይ የምትሠራ እህታችን አማካሪዋ ከርዕሷ ላይ «ፕሪቨንት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሰርዘው «ሂንደር» እንደጻፉባት ገልጻ፣ መዝገበ ቃላቷ ለሁለቱም «አገደ» ስለሚል ልዩነቱ ምን እንደሆነ ጠይቃለች። እህቴ፣ አማካሪሽ ትክክል ናቸው። እዚሁ ጅማ እንግሊዝኛ ሳስተምርና የተማሪዎችን ረቂቅ ሳርም ዓመታት ስላለፉ፣ ጥያቄው የብዙዎች መሆኑን አውቃለሁና ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ሂንደር የሚደረግ ሥራ ይጓተታል፣ ይከብዳል፣ ይጎድላል፤ ነገር ግን ይቀጥላል። ፕሪቨንት የሚደረግ ነገር ጭራሽ አይሆንም። የቃላቱ አመጣጥም ይህንኑ ያሳያል። ሂንደር «ከኋላ» ከሚለው «ቢሃይንድ» ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ወደ ኋላ መያዝ ማለት ነበር። ፕሪቨንት ደግሞ ቀድሞ መምጣትን ከሚገልጽ የላቲን ግሥ የተገኘ ነው። ነገሩ ሳይሆን በፊት ቀድሞ የደረሰ ያስቀረዋል።

ከራስሽ ጥናት ምሳሌ እንውሰድ። በኅዳር ያልታሰበ ዝናብ ሲመጣ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራ የማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና ቶሎ አይደርቅም። ገበሬው በሸራ ይሸፍነዋል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይገልጠዋል፣ ያገላብጠዋል፤ ዘግይቶም ቢሆን ይደርቃል። እዚህ ላይ ዝናቡ የቡናውን መድረቅ ሂንደር አደረገ። ሸራው ደግሞ ቡናው እንዳይርስ ፕሪቨንት አደረገ። በአንድ ቀን፣ በአንድ አልጋ ላይ ሁለቱም ቃላት ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ዝናቡን «ፕሪቨንት አደረገ» ካልሽው ግን አንባቢሽ ቡናው ሻግቶ የተጣለ ይመስለዋል። ያ ሁሉ የገበሬው ድካም ከጽሑፍሽ ይወጣል።

በዚህ ጉዳይ ላይ አጥብቄ የምናገረው ለዚህ ነው። ድህነት ሴት ልጆችን ከትምህርት «ፕሪቨንት አደረገ» የሚሉ ረቂቆች ይደርሱኛል። የውጤቱን ምዕራፍ ሳነብ ልጆቹ በገበያ ቀን እየቀሩ፣ በሌላው ቀን እየመጡ፣ ማታ በኩራዝ እያጠኑ ይማራሉ። እነዚህ ልጆች ክፍል ውስጥ አሉ! ርዕሱ ግን የሉም ይላል። ጽሑፉን የሚያነብ የትምህርት ባለሙያም ከትምህርት ለቀሩት ልጆች የሚሆን መፍትሔ ይፈልግና፣ እየታገሉ የሚማሩትን ይረሳል።

አማርኛም ልዩነቱን ያውቀዋል። ማደናቀፍ፣ ማጓተትና ማስተጓጎል ወደ ሂንደር ይቀርባሉ፤ ማስቀረትና አስቀድሞ መከላከል ወደ ፕሪቨንት። የተደናቀፈ ሰው ቀና ብሎ መንገዱን ይቀጥላልና፣ ለሂንደር ከሁሉ የምመርጠው «ማደናቀፍ» የሚለውን ነው። አፋን ኦሮሞ ለምትናገሩ ደግሞ «ጉፋቺሱ» እና «ዾርኩ» ያላቸውን ልዩነት ማሰብ ብቻ ይበቃል። የአንድን ሰው ዕቅድ ወይም ሴራ ማክሸፍ፣ ማጨናገፍ ሲሆን እንግሊዝኛው «ትዋርት» ይላል፤ ይህ ሁልጊዜ የታቀደ ነገር ይፈልጋል። ቡናን ትዋርት ማድረግ አይቻልም፤ ቡና ሊዘርፉ ያሰቡ ሰዎችን ዕቅድ ግን ይቻላል።

«ኦብስትራክት» በመተላለፊያ ላይ ተጋርጦ ለሚዘጋ ነገር ነው። በመንገድ ላይ ተገልብጦ የቀረ የጭነት መኪና መንገዱን ኦብስትራክት ያደርጋል፤ የሕክምና ተማሪዎችም የአንጀት መዘጋትን በዚሁ ቃል ይጠሩታል። «ኢምፒድ» ለሂንደር በጣም ቅርብ ስለሆነ ብዙም አያስጨንቅሽ። ከላቲኑ «እግር» የወጣ፣ እግርን ማሰር የነበረ ቃል ነው፤ መደበኛ ጽሑፍ ላይ ይበዛል።

ስለ አጠቃቀሙም ጥቂት ልጨምር። ከሂንደር ቀጥሎ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሥራ ወይም ሂደት ነው፦ እድገት፣ ጥረት፣ ምርመራ፣ ንግድ። ሰውን ከአንድ ድርጊት ማገድ ሲሆን «ፕሪቨንት» ከነ«ፍሮም» ይበልጥ የተለመደ ነው። ሂንደር ከግሥነት ወደ ስም ሲለወጥ «ሂንድራንስ» ይሆናል፤ ሲጻፍ ከዲ በኋላ ያለው ኢ ይወድቃል፣ አርሙ እያሉኝ ከሚመጡት ረቂቆች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። በብሪታንያ ፓስፖርት ላይ ባለቤቱ «ዊዛውት ሌት ኦር ሂንድራንስ» ይለፍ የሚል ጥያቄ ሰፍሯል። እዚያ ያለው «ሌት» ፍቀድ ማለት አይደለም፤ መሰናክል የሚል ትርጉም የነበረው ጥንታዊ ቃል ነው። በፊደል ልክ እንደ ሂንደር የሚጻፍ፣ ነገር ግን «ሃይንደር» ተብሎ የሚነበብ ቅጽልም አለ፤ «የኋለኛው» ማለት ስለሆነ ከግሡ ጋር እንዳይምታታብሽ።

ወደ ርዕስሽ ስመለስ፣ አምራቾችሽ ጥራት ያለው ቡና እያቀረቡ ነገር ግን በማድረቂያ እጥረትና በመንገድ ችግር እየተጓተቱ ከሆነ «ፋክተርስ ሂንደሪንግ» ብለሽ አስገቢ። ጥራት ያለው ቡና ማቅረብ ጭራሽ ያልቻሉትን በአንድ ንዑስ ክፍል ለይተሽ አስቀምጫቸው፤ «ፕሪቨንት»ን እዚያ ተጠቀሚበት። አማካሪሽም ያንን ይሰርዙታል ብዬ አልጠብቅም።