የእናቴን የምርመራ ውጤት ስጠብቅ መጨነቄ እምነት ማጣት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ64 ዓመት እናቴ ከሰገራ ጋር ደም እያየች ለእኛ ሳትነግረን ብዙ ከቆየች በኋላ ነሐሴ 15 ቀን ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያይ ምርመራ) ተደረገላት። ሐኪሙ በትልቁ አንጀቷ ውስጥ ሦስት ፖሊፖች (በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅሉ ትርፍ ሥጋዎች) አግኝቶ ቆርጦ አወጣቸው፤ ናሙናው ወደ ፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ ክፍል) ተልኮ ውጤቱን እንድንወስድ ለጳጉሜን 4 ተቀጥረናል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ውዳሴ ማርያም ስደግም ሐሳቤ ወደ ውጤቱ ይሄድና የት እንደደረስሁ ይጠፋኛል። ጎረቤታችን «ጭንቀት ካለ እምነት የለም» አለችኝ። እናቴ ደግሞ «ጳጉሜን 3 በሩፋኤል ጸበል ከተጠመቅሁ ወረቀቱ ምን ያደርግልኛል» ትላለች፤ በፍልሰታ ጾም፣ ሰዓቱ ሳይደርስ የአንጀት ማጽጃውን በመጠጣቷም ታዝናለች። ውጤቱ ክፉ ከሆነስ እንንገራት ወይስ እንሸሽጋት?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ።

እናትሽ ቅዱስ ሩፋኤልን ስላነሡ፣ የመልአኩ ሥራ በስፋት ከተጻፈበት ከመጽሐፈ ጦቢት ልጀምር። ጦብያ አባቱ በአደራ ያስቀመጠውን ብር ሊያመጣ ወደ ሩቅ አገር ሄዶ በዘገየ ጊዜ፣ ዓይነ ስውሩ ጦቢት ቀኑን እየቈጠረ «ምን አግኝቶት ይሆን» እያለ ይጨነቅ ነበር፤ እናቱ ሐናም ልጄ ሞቷል ብላ፣ ቀን እህል ሳትቀምስ፣ የሄደበትን መንገድ ስታይ ትውል ነበር (ጦቢ. 10)። ሁለቱም እግዚአብሔርን የሚፈሩ ነበሩ፤ መጽሐፉም ስለዚህ ጭንቀታቸው አንድ የወቀሳ ቃል አልጻፈባቸውም። እነርሱ እንዲያ በሚጨነቁበት ሰዓት ልጃቸው ከመልአኩ ጋር ነበረ።

ስለዚህ ጎረቤትሽ ለበጎ አስበው ቢናገሩም አባባላቸው ልክ አይደለም። ጌታ «ለነገ አትጨነቁ» ሲል (ማቴ. 6፥34) የነገው ነገር የዛሬውን ሥራና ጸሎት እንዳይነጥቀን ከለከለን እንጂ፣ እናቷ የታመመችባት ልጅ ልቧ አይደንግጥ አላለም። እርሱ ራሱም ስለ እኛ ሥጋን ለብሷልና በጌቴሴማኒ ይደነግጥና ይተክዝ እንደ ጀመረ ተጽፏል (ማር. 14፥33)። የታመመ ልጁን ይዞ የመጣው ሰውዬም «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ሲል (ማር. 9፥24) ልጁ ተፈወሰለት እንጂ «አስቀድመህ እምነትህን አስተካክለህ ና» አልተባለም።

ሐሳብሽ የሚበተነውን በተመለከተ፣ በዚህ ሰሞን ረጅም ጸሎት ካቃተሽ አጭሩን ጸልዪ። መቁጠሪያሽን ይዘሽ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ በይ፤ ሐሳብሽ ወደ ሆስፒታሉ ከሄደም እየጐተትሽ ለመመለስ ከምትደክሚ፣ እዚያው የሄደበትን ፍርሃት በስሙ ጠርተሽ ለእግዚአብሔር ንገሪው። ሌሊቱን ሁሉ በስልክሽ ስለ ካንሰር ስታነቢ የምታድሪ ከሆነ ግን እርሱን ተዪው፤ ብዙ ሰው በዚህ ራሱን ሲያሠቃይ አይቻለሁ።

አሁን ወደ እናትሽ ነገር ልምጣ፤ ከጥያቄዎችሽ ሁሉ ያሳሰበኝ ይህ ነውና። መልአኩ ጦቢትን በአንዲት ቃል ማዳን አይሳነውም ነበር። ነገር ግን ልጁ ጦብያ ከጤግሮስ ወንዝ ዓሣ እንዲይዝ፣ ሐሞቱን አውጥቶ እንዲያስቀምጥ፣ ቤቱ ሲደርስም የአባቱን ዓይን በእርሱ እንዲቀባ አዘዘው፤ ጦብያም እንደታዘዘው ባደረገ ጊዜ ዓይኑን የጋረደው ነጭ ነገር ተላጠለትና ልጁን አየ (ጦቢ. 11)። ፈዋሹ መልአክ መድኃኒት አዘዘ፤ መድኃኒቱን ያደረገውም ልጅ ነው። መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን እግዚአብሔር እንደፈጠረው፣ መድኃኒትንም ከምድር እንዳወጣ፣ አስተዋይ ሰው ሊንቀው እንደማይገባ ያስተምራል (ሲራ. 38)። እንግዲህ በሩፋኤል ጸበል የሚያምን ሰው የሐኪሙን ወረቀት የሚንቅበት ምክንያት የለውም። ጳጉሜን 3 ይጠመቁ፤ በማግሥቱ ቀጠሯቸው ላይ ይገኙ። አንቺም አብረሻቸው ሂጂ።

ወረቀቱ ምን እንደሚያደርግላቸውም ንገሪያቸው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪሞች የሚያስረዱት ግን ፖሊፕ ማለት ካንሰር ማለት እንዳልሆነ፣ አብዛኛው ፖሊፕ ካንሰር ሳይሆን እንደሚቀር፣ አንዳንዱ ዓይነት ግን ሳይነካ ከቆየ በብዙ ዓመታት ውስጥ ወደ ካንሰር ሊለወጥ እንደሚችልና እርሱን በጊዜው ቆርጦ ማውጣት ራሱ መከላከያ እንደሆነ ነው። የወጣው ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ የሚታወቀው በናሙናው ምርመራ ነው፤ እናትሽ ድጋሚ የሚታዩበትን ጊዜ ሐኪሙ የሚወስነውም ይህንኑ አይቶ ነው። የአንጀት ሕመም በቤተሰብ ውስጥ የሚታይበት ጊዜ ስላለ፣ አንቺና ወንድም እኅቶችሽ መመርመር ያስፈልጋችሁ እንደሆነ በዚያው ዕለት ጠይቂ።

ስለ ጾሙ አይዘኑ። ቤተ ክርስቲያናችን ለታመመ ሰው በጾም ሸክም አታከብድም፤ የአንጀት ማጽጃውም ለሕክምና የተጠጣ እንጂ ለደስታ የተበላ አይደለም። ልባቸው ካላረፈ ለንስሐ አባታቸው ይንገሩ።

መደበቅን ግን አልመክርሽም። በአገራችን ልጆች ለወላጅ አዝነው «ትንሽ ቁስል ናት አሉ» ብለው ሐኪሙን በዓይን ይጠቅሱታል፤ ታማሚው ግን ከልጆቹ ፊት፣ ከጎረቤቱ አመጣጥ፣ ድንገት ከበዛው ሾርባ ሁሉን ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ እርሱም ያወቀውን ይደብቃቸዋል፤ በአንድ ቤት ውስጥ ሁሉም ለየብቻው ያለቅሳል። እናትሽ ደሙን ምን ያህል ጊዜ ብቻቸውን ይዘውት እንደቆዩ አንቺው ጽፈሻል። በዚያ ላይ ሰው የሕመሙን ልክ ሲያውቅ ነው ንስሐ የሚገባው፣ የሚቆርበው፣ ይቅር የሚባባለው። ካህናት ለታመመ ሰው ጸልየው ዘይት የሚቀቡበትን ምሥጢረ ቀንዲልንም ማስደረግ ትችላላችሁ፤ ቀንዲል ለሚሞት ሰው ብቻ የሚመስላቸው ምእመናን ስላሉ ካህኑ ዘይቱን ይዞ ሲመጣ ቤቱ በለቅሶ ይሞላል እንጂ፣ ሐዋርያው ያዕቆብ ያዘዘው ለታመመ ሁሉ ነው (ያዕ. 5፥14)። ስትነግሪያቸው ደጅ ላይ ወይም ታክሲ ውስጥ አይሁን፤ ቤት ገብታችሁ፣ አጠገባቸው ተቀምጠሽ፣ ሐኪሙ ያለውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ፣ «ቀጥሎ የምናደርገው ይህን ነው» ከሚለው ጋር ንገሪያቸው። አንደበትሽ እንቢ ካለሽ የንስሐ አባታቸው አብረውሽ ይገኙ።

የእናትሽን የክርስትና ስም ላኪልኝ። እስከ ጳጉሜን 4 ድረስ በጸሎት እናስባቸዋለን፤ የሐኪሙን መልስ ከሰማችሁ በኋላ ደግሞ ምን እንዳለ ጻፊልኝ።