ከግንባር ፈቃድ ስለወጡ ወታደሮች ፊልም መጻፍ ለምትፈልግ ተመራቂ

ውድ እኅቴ፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ትምህርትሽን ዘንድሮ እንደምትጨርሺ፣ ከግንባር ለጥቂት ቀናት ፈቃድ ወጥተው ከተማ ስለሚገቡ ወታደሮች የሚያስቅም የሚያሳዝንም ፊልም መጻፍ እንደምትፈልጊ፣ ቤተሰቦችሽ ግን በወረዳ ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ያገኘሽውን ሥራ ያዢ እንደሚሉሽ ጽፈሽልኛል። ሥራውን ያዢ፤ ታሪኩን ግን በመጀመሪያ የመድረክ ተውኔት አድርገሽ ጻፊው።

ይህን የምልሽ ሐሳብሽን አሳንሼ አይደለም። ስታንሊ ዶነን ያዘጋጀውና ኬሪ ግራንት የተወነበት «ኪስ ዜም ፎር ሚ» የተባለ ፊልም አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሦስት የባሕር ኃይል አብራሪዎች የአራት ቀን ፈቃድ አግኝተው ሳን ፍራንሲስኮ ይገባሉ፤ እነርሱ መዝናናት ሲሹ፣ አንድ ባለሀብት ደግሞ ለመርከብ ሠሪዎች ንግግር አድርጉልኝ እያለ ይወተውታቸዋል። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1944 ልብ ወለድ፣ በ1945 ብሮድዌይ ላይ ተውኔት ሆኖ ቀርቦ ነበር፤ ፊልም የሆነው በ1957 ነው። ሳቁም ሐዘኑም የሚመነጨው ከቀኑ ማጠር ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ታሪክ አንድ ክፍልና ሦስት አራት ተዋንያን ይበቁታል፤ ለጀማሪ ጸሐፊ ደግሞ ከካሜራ ይልቅ ተዋናይ ማግኘት ይቀላል።

የላክሽልኝን ትዕይንት ደጋግሜ አነበብሁት። ወታደሩ ጣና ዳር ከእኅቱ ጋር ተቀምጦ፣ የቀረበለትን የዓሣ ጥብስ አጥንቱን እንኳ በወጉ ሳይለቅም ጨርሶ ቀና ሲል የእርሷ ሳህን ገና አልተነካም፤ «ማን ሊነጥቅህ ነው?» ትለዋለች። እጅግ ግሩም ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ጦርነት የሚያደርገውን የአንድ ገጽ ንግግር ግን አውጪው፤ ተመልካቹ ሁሉን ከሳህኑ ተረድቷል።

የቀድሞ ወታደሮችን ስታነጋግሪ አስቀድመሽ ፈቃዳቸውን ጠይቂ፤ ስማቸውን፣ ክፍላቸውንና የተዋጉበትን ቦታ በጽሑፍሽ አትግለጪ። በክልላችን ሐዘኑ ያልወጣለት ቤት ብዙ ስለሆነ፣ ሳቁ ከወታደሮቹ ከራሳቸው አንደበት ይምጣ እንጂ በእነርሱ ላይ አይሁን።

ተውኔቱ ሲያልቅ ለሙሉዓለም የባህል ማዕከል ባለሙያዎች አሳዪው። አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ክፍት የሥራ ቦታ ሲያወጣም ከትምህርት ማስረጃሽ ጋር አያይዘሽ አቅርቢው፤ መጻፍ እወዳለሁ የሚል አመልካች ብዙ ነው፣ የተጠናቀቀ ሥራ ይዞ የሚመጣ ግን ጥቂት ነው። እስከዚያው በወረዳው ሥራሽ ሰው የሚናገረውን በትክክል መመዝገብን ትለማመጂያለሽ፤ ይህ ለቃለ ተውኔት ጸሐፊ ትልቅ ስንቅ ነው።