ደንቡ ላልቷል፤ ስምህ ግን አልተመለሰም

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ሸዋ ሮቢት ነው። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የኮቪድ ክትባት ካርድ ወይም የምርመራ ውጤት ያላመጣ ዶርም አይገባም ተባለ። እኔ አልተከተብኩም ነበር። ዲኑን ሳናግረው ‹አይዞህ፣ ሁኔታው ሲረጋጋ ትመለሳለህ› አለኝ። እኔም ወደ ቤት ሄድኩ። በመሀል ቤተሰብ ጋ ችግር ነበር። አሁን የተከተበው ተማሪ ስለበዛ ዩኒቨርሲቲው ደንቡን አላልቶታል። በር ላይ ካርድ አይጠየቅም፤ ሙቀት መለካት ቀርቷል፤ ዶርሙም እንደ ድሮው ሆኗል። ሬጅስትራር ስሄድ ግን ‹አቋርጠህ ጠፍተሃል› አሉኝ። ሕጉ ከተነሳ ቅጣቱስ መነሳት የለበትም ወይ? መክሰስ እችላለሁ? ጓደኛዬ ደግሞ በጥቅምት የተከተብኩ የሚያስመስል ካርድ አስጽፍልሃለሁ ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦

ልጄ፣ ከደብዳቤህ መጨረሻ ልጀምር። እሱ ጊዜ አይሰጥም።

የጓደኛህን ካርድ አትቀበል። ዛሬውኑ «ይቅርብኝ» በለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሐሰተኛ ሰነድ የሠራውን ብቻ አይደለም የሚቀጣው። ሐሰት መሆኑን እያወቀ የተጠቀመበትንም ይቀጣል። ካርዱ ላይ የክትባቱ ዓይነት፣ የባች ቁጥሩ፣ ቀኑና የጤና ተቋሙ ማኅተም ይሰፍራል። ይህ ከጤና ጣቢያው መዝገብ ጋር ለመመሳከር አንድ ስልክ ይበቃዋል። ዛሬ ያለብህ የሬጅስትራር ጉዳይ ነው። ያንን ካርድ ያስገባህ ዕለት ግን የፖሊስ ጉዳይ ይሆናል። ደግሞም ራስህ ነግረኸኛል፤ ካርድ መጠየቅ ቀርቷል። ማንም ያልጠየቀህን ወረቀት አምጥተህ ለምን ራስህን ታሳስራለህ? መከተብ ከፈለግህ ጤና ጣቢያ ሂድና ተከተብ። እውነተኛውን ቀን የያዘ እውነተኛ ካርድ ይሰጡሃል።

ምናልባት ካርዱን ቀደም ብለህ አስገብተኸው ከሆነ፣ ለእኔም ቢሆን አትጻፍልኝ። በቴሌግራምም ለጓደኛ አታውራው። ቀጥታ ጠበቃ ቢሮ ሄደህ በአካል ተናገር። ጠበቃ የደንበኛውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

አሁን ወደ ዘለልከው ነገር ልምጣ። «በመሀል ቤተሰብ ጋ ችግር ነበር» ብለህ አልፈኸዋል። አምስት ቃል ብቻ። ቤታችሁ ሸዋ ሮቢት ነው፤ ከግቢ የወጣኸው ደግሞ በጥቅምት 2014 ነው። በኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና መድረሱን፣ ሕዝቡ ያለውን ጥሎ ወደ ደብረ ብርሃን መሸሹን የማያውቅ ሰሜን ሸዋ ውስጥ የለም። አገሪቱም ከጥቅምት 23 ቀን 2014 ጀምሮ እስከ የካቲት 8 ቀን ድረስ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች። አንተ የጠፋህባቸው ወራት እነዚሁ ናቸው። ይህንን ሁሉ «ችግር» ብለህ ታልፈዋለህ?

ለምን እንደተውከው እገምታለሁ። ስለዚያ ጊዜ ማውራት የሚከብዳቸው ብዙ ሰዎች ቢሮዬ ይመጣሉ። አንዳንዱ ቤቱ ስለተዘረፈው ነገር ለመናገር ያፍራል። አንዳንዱ የሞተ ሰው አለውና ቃል ይጠፋበታል። አንተም ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ካለ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ግን እንደ ሕግ ሰው ልንገርህ። ለጉዳይህ ከሁሉ የሚጠነክረው ነጥብ እሱ ነው። የክትባቱ ደንብ መላላት ሁለተኛ ነው። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የቀረ ተማሪ እና ደስ ስላላለው ብቻ ጥሎ የሄደ ተማሪ በየትኛውም ሰሚ ፊት እኩል አይታዩም። በደብዳቤህ ያቀረብከው ራስህን እንደ ሁለተኛው አድርገህ ነው።

ስለዚህ ቁጭ በልና ቀኖቹን ጻፍ። ከግቢ የወጣህበት፣ ከቤት የሸሻችሁበት፣ ደብረ ብርሃን ያረፋችሁበት፣ ወደ ሸዋ ሮቢት የተመለሳችሁበት። ከእናትህና ከአባትህ ጋር ሆነህ አስታውስ። እናቶች ቀን የሚያስታውሱት በበዓል ነውና «ከኅዳር ሚካኤል በፊት ነው በኋላ?» ብለህ ጠይቃት። ከዚያ ቀበሌያችሁ ሄደህ ተፈናቅላችሁ እንደነበር የሚገልጽ ደብዳቤ አስጽፍ። ደብረ ብርሃን በተፈናቃይነት ተመዝግባችሁ ከነበረ የዚያንም ማስረጃ ጠይቅ። ዘመድ ቤት አርፋችሁ ከነበረ የቤቱ ባለቤት ምስክር ይሆናል። የአውቶቡስ ትኬት፣ ፎቶ፣ በዚያ ሰሞን ለክፍል ተወካዩ የላክኸው መልእክት፣ ምንም አትጣል። ስልክህን ለመቀየር ካሰብክ ደግሞ ቆይ።

ሕጉን በአጭሩ ልለፈው። «ደንቡ ከተነሳ ቅጣቱም ይነሳል» የሚለው ሐሳብ የመጣው ከእውነተኛ ቦታ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22 ድርጊቱ ከተፈጸመ በኋላ የወጣ ሕግ ለተከሳሹ የሚጠቅም ከሆነ ተፈጻሚ ይሆንለታል ይላል። ያ ግን ለወንጀል ነው። አንተ አልተከሰስክም። የዩኒቨርሲቲ የጤና ደንብ ሲላላ የሚሠራው ወደፊት ነው። ዛሬ ወደ ግቢ የሚገባውን ተማሪ ካርድ አይጠይቁትም፤ በዚያን ጊዜ የተጻፈብህን ግን በራሱ አይሰርዝልህም። ይሁን እንጂ መላላቱ ከንቱ አይደለም። ከተመለስክ በኋላ «ካርድ አምጣ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ሊያስቀምጡብህ ምክንያት የላቸውም። ያ የጥቅምቱ ደንብ በማን እንደጸደቀ፣ ሥልጣን ባለው አካል በትክክል ስለመውጣቱም ማንሳት ይቻላል። እሱን ግን ለጠበቃህ ተወው። መጀመሪያ የሚነሳ ነጥብ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ወጥመድ መጣን። ይህ ያንተ ብቻ አይደለም። ተማሪው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ተከራዩ፣ ሁሉም ይወድቅበታል። ዲኑ «አይዞህ፣ ትመለሳለህ» አለህ። አንተም አምነህ ሻንጣህን ይዘህ ወጣህ። ዊዝድሮዋል፣ ማለትም ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ፣ ሞላህ? በደብዳቤህ ውስጥ አንድም ቦታ አላየሁም። ክሊራንስስ፣ ከግቢ ስትወጣ ዕዳና ንብረት እንደሌለብህ የሚያረጋግጠውን ወረቀት፣ ጨረስክ? እሱንም አላየሁም። እንዳልሞላህ ነው የገባኝ።

ዲኑ ዋሽቶሃል አልልም። ምናልባት ከልቡ ነው የተናገረው። ግን የዲን ቃል ሬጅስትራር ኮምፒውተር ውስጥ አይገባም። ሬጅስትራር የሚያየው ሁለት ነገር ነው፦ ለሴሚስተሩ ተመዝግቧል፤ ዊዝድሮዋል የለውም። በዚህ ጊዜ ስምህ «አቋርጦ የጠፋ» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ይገባል። የባሰው ሌላ ነው። ኮርስ ተመዝግበህ፣ ሳትማርና ሳትፈተን፣ ዊዝድሮዋልም ሳትሞላ ከቀረህ በየኮርሱ ኤፍ ሊመዘገብብህ ይችላል። ይህንን አጣርተሃል? የግሬድ ሪፖርትህን ሳታይ አንዲት ማመልከቻ እንዳታስገባ። «ጠፍተሃል» መባልና «በውጤት ዲስሚስ ሆነሃል»፣ ማለትም በውጤት ማነስ ተሰናብተሃል፣ መባል ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ማመልከቻቸው፣ ክርክራቸውና መፍትሔያቸው ይለያያል። ባለጉዳዮች ለአንዱ ሲከራከሩ በሌላው ይሸነፋሉ።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ቢሮ ውስጥ ያለው ወጥመድ ግን መረሳት ብቻ አይደለም። የቃል መልስ ጊዜ ይበላል። «ቆይ ደንቡ ይላላ» ተባልክ፣ ጠበቅህ። «የሚቀጥለው ሳምንት ና» ይሉሃል፣ ትሄዳለህ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይሉሃል፣ ትመለሳለህ። አንተ በትህትና ስትመላለስ የአቤቱታ ጊዜህ እየቆጠረ ነው። የአስተዳደር ውሳኔን ለመቃወም የተሰጠው ጊዜ በዓመታት የሚቆጠር አይደለም፤ አጭር ነው። ዳግም ቅበላም፣ ሪአድሚሽን የምትሉት፣ የየራሱ የማመልከቻ ቀን አለው። ያ ቀን ሲያልፍ ሌላ ሴሚስተር ይሄድብሃል። አሁንም ቢሆን ሬጅስትራር «አሉኝ» ነው የምትለው። ማን አለህ? በየትኛው ወረቀት? ቀኑስ? መስኮት ላይ ያለች ሠራተኛ የነገረችህ ነገር ውሳኔ ተብሎ ይግባኝ አይባልበትም።

ደንቡ መላላቱን ያወቅኸውስ እንዴት ነው? በቴሌግራም የተለጠፈ የማስታወቂያ ፎቶ አይተህ ከሆነ፣ ሙሉውን ማስታወቂያ ቁጥሩና ማኅተሙ በሚታይበት ሁኔታ አግኝ። ብዙ ጊዜ ታችኛው አንቀጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይኖራል፤ ቀደም ብለው የወጡ ተማሪዎች እንዴትና እስከ መቼ እንደሚያመለክቱ የሚናገር። ፎቶ የሚያነሳው ሰው ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው ያንኑ ነው።

አሁን ማድረግ ያለብህ ይህ ነው። በቅድሚያ የሴኔት ሌጂስሌሽኑን፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲውን መተዳደሪያ ደንብ፣ ቅጂ አግኝና ስለ ዊዝድሮዋልና ስለ ዳግም ቅበላ የሚናገረውን ክፍል አንብብ። ከዚያ ለሬጅስትራር ማመልከቻ ጻፍ፤ ግልባጭ ለዲኑና ለዲፓርትመንቱ። አታርዝመው፤ አትማረርበት፤ ማንንም አትስደብበት። እንዲህ ቢል ይበቃል፦

«ጉዳዩ፦ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ያቋረጥኩትን ትምህርት እንድቀጥል እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ። በጥቅምት ___ ቀን 2014 ዓ.ም. ግቢውን የለቀቅሁት በወቅቱ የነበረውን የጤና ደንብ አክብሬና የሚመለከተውን ኃላፊ አነጋግሬ ነው። በኅዳር ወር ከቤተሰቤ ጋር ስለተፈናቀልኩ መመለስም ሆነ መልቀቂያ መሙላት አልቻልኩም። ማስረጃዎችን አያይዣለሁ። ጥያቄዬ ተቀባይነት የማያገኝ ከሆነ ምክንያቱ ተገልጾ ውሳኔው በጽሑፍ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አደራ እንዳትተዋት። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዛል። ማመልከቻውን ሁለት ኮፒ አድርግ። ለጸሐፊ ሰጥተህ አትውጣ። መዝገብ ቤት ግባ፣ ገቢ አስደርገው፣ አንተ ዘንድ በሚቀረው ኮፒ ላይ ቁጥርና ቀን አስጽፈህ ማኅተም አስመታ። አንቀበልም ካሉህ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላክና ደረሰኙን ያዝ። ዋና ማስረጃ ለማንም አትስጥ፤ ኮፒ ነው የምታያይዘው። ዲኑንም ካገኘኸው የነገረህን ነገር በሁለት መስመር እንዲጽፍልህ በአክብሮት ጠይቀው። እምቢ ካለ አትጨቃጨቅ። ስታነጋግረው ማን አብሮህ እንደነበር ብቻ አስታውስ።

መክሰስ ትችላለህ ወይ? መብቱ አለህ፤ ዛሬ ግን አይደለም። ፍርድ ቤት መጀመሪያ የሚጠይቅህ በተቋሙ ውስጥ ያለውን የቅሬታ መንገድ ጨርሰሃል ወይ ብሎ ነው። የጽሑፍ ውሳኔ ከሌለህ የሚከለስ ነገር የለም። በአዋጁ መሠረት የአስተዳደር ውሳኔን የሚከልሰው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ዩኒቨርሲቲው «ይህ የአካዳሚክ ጉዳይ ነው፣ ፍርድ ቤት አይገባበትም» ብሎ ሊከራከርም ይችላል። ለዚህ ክርክር ያለ ጠበቃ መግባት አልመክርህም። ጎን ለጎን ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ትችላለህ። የሚሰጠው የመፍትሔ ሐሳብ ነው፤ እንደ ፍርድ አይፈጸምም። ሆኖም እንዲህ ላለ ጉዳይ ደብዳቤው ክብደት አለው። እሱን ስትጠብቅ ግን የፍርድ ቤቱ ጊዜ እንዳያልፍብህ።

የጠበቃ ገንዘብ ከሌለህ የሕግ ትምህርት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት ሄደህ ማዕከሉ የት እንደሆነ ጠይቅ። እኔ ያየሁት የአንተን አንድ ገጽ ብቻ ነው። የዩኒቨርሲቲህን ሌጂስሌሽን አላየሁም፤ የግሬድ ሪፖርትህንም አላየሁም። እነሱን ያየ ጠበቃ ከእኔ የተለየ ነገር ቢነግርህ እሱን ስማ። ስትሄድ የግሬድ ሪፖርትህን፣ ማኅተም ያለበትን የማመልከቻ ኮፒ፣ የቀበሌውን ደብዳቤና ቀኖቹን የጻፍክበትን ወረቀት ይዘህ ሂድ። አባትህ ወይም እናትህ አብረውህ ቢሄዱ መልካም ነው፤ ስለ ኅዳሩ ነገር ጠበቃው ከእነሱም መስማት ይፈልጋል።