ዊንዶውስ 11 የስልክ ጥቅል እንዳይጨርስና በሥራ መሃል ሪስታርት እንዳያደርግ

ላፕቶፕዎ በስልክዎ ሆትስፖት ሲገናኝ ጥቅልዎን በአፕዴት የሚጨርሰው፣ ዊንዶውስ ግንኙነቱን ገደብ እንደሌለው ዋይፋይ ስለሚቆጥረው ነው። በዚህ መልኩ ያስተካክሉት፦

1. ከስልክዎ ጋር እንደተገናኙ ሴቲንግስ ውስጥ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ከዚያ ዋይፋይ፣ ቀጥሎም የግንኙነቱን ፕሮፐርቲስ ከፍተው «ሜተርድ ኮኔክሽን» (ዳታው የሚቆጠር ግንኙነት) የሚለውን ያብሩ። ምርጫው የሚሠራው ለዚያ ግንኙነት ብቻ ስለሆነ፣ በሌላ ስልክ ሲገናኙ እንደገና ማብራት ይኖርብዎታል፤ ብዙ ሰው «አስተካክዬው ነበር፣ ተመልሶ መጣ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

2. ሪፖርት እየጻፉ ሳለ ሪስታርት እንዳያደርግ፣ በዊንዶውስ አፕዴት ገጽ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ «አክቲቭ አወርስ»ን (ኮምፒዩተሩን የሚጠቀሙባቸውን ሰዓታት) ራስዎ ይሙሉ፤ በቀን እስከ 18 ሰዓት የሚረዝም ጊዜ ይፈቅዳል። የሚሞላው በፈረንጆች ሰዓት ነውና ጠዋት 2 ሰዓት ለማለት 8 ኤኤም ብለው ያስገቡ።

ሰርቪስስ (የዊንዶውስ የውስጥ አገልግሎቶች ዝርዝር) ውስጥ ገብተው አፕዴትን ጨርሶ እንዲያጠፉት የሚመክርዎ አይጠፋም፤ እኔ ግን እንዲህ ተደርገው የተረሱ ኮምፒዩተሮች ፋይላቸው ተቆልፎ ሲመጡ ስላየሁ አልመክርም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ የነበረው ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም የተሰራጨበትን የዊንዶውስ ቀዳዳ ማይክሮሶፍት የደፈነው በማርች ወር ነበር፤ አፕዴቱን ያልጫኑት ግን ተጠቁ። ስለዚህ ገደብ የሌለው ዋይፋይ ባገኙ ቁጥር፣ ቻርጀሩን ሰክተው «ቼክ ፎር አፕዴትስ» የሚለውን ራስዎ ይጫኑት።