ፒዲኤፉን አንብቤው ነበር፣ ግን ጠፋብኝ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ግማሽ ያህሉ ስለ ስክሪንና ስለ ንባብ ናቸው። አምስቱን መርጬ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ። መማሪያ መጻሕፍቴ ሁሉ ስልኬ ውስጥ በፒዲኤፍ አሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ አነባለሁ፤ ፈተና ላይ ግን ድርግም ይልብኛል። ችግሩ የኔ ነው የስልኩ?

መልስ፦ መጀመሪያ ራስህን መውቀስ ተው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ጥናት 54 ምርምሮችን አንድ ላይ አድርጎ አይቷል። ከ170 ሺህ በላይ አንባቢዎች የተሳተፉባቸው ናቸው። ጽሑፉን በወረቀት ያነበቡት በስክሪን ካነበቡት በመጠኑ የተሻለ ገብቷቸዋል። ሰዓት ሲያጥር ልዩነቱ ሰፍቷል። ትረካ ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ልብ ወለድህን በስልክህ እንደልብህ አንብብ። የሚያስቸግረው ባዮሎጂው ነው።

አንዱ ምክንያት ልማድ ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ መልእክት የሚገፋ ጣት ምዕራፉንም እንደዚያው ይገፋዋል። ሌላው ደግሞ ወረቀት ቦታ አለው። እኔ እስከ ዛሬ «ይህ ነገር በግራ ገጽ፣ ወደ ታች፣ በእርሳስ ያሰመርኩበት ጋ ነበር» እያልኩ የማስታውሳቸው አንቀጾች አሉ። ስልክ ላይ ሁሉም ገጽ እዚያው አንድ ቦታ መጥቶ ያልፋል።

ታዲያ ምን ይሻላል? አንድ ንዑስ ርዕስ ብቻ አንብብ። ስልኩን ገልብጠህ አስቀምጥ። ያነበብከውን ሳታይ ባዶ ወረቀት ላይ በራስህ ቃል ጻፈው፤ ከዚያ መልሰህ አስተያየውና የቀረህን ሙላ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንን በተማሪዎች ላይ ሞክረውት ነበር። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት ጥለዋቸው ሄዱ። ደጋግሞ ማንበብ የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው፤ ያወቅነው ያስመስለናል። ፈተናው ደግሞ የሚመጣው ከሳምንት በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልጄ ታብሌት ላይ የተረት መጽሐፍ ትወዳለች። ልተዋት?

መልስ፦ መጽሐፉን ይተዉላት፤ ብቻዋን ግን አይተዉአት። የእህቴ ልጅ እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ስታይ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። እንቁራሪቷን ስትነካት ትጮኻለች። ነካቻት፣ ጮኸች። ደግማ ነካቻት። ገጹ ሳይገለጥ እንቁራሪቷ ብቻ ስትጮህ ቆየች። «ከዚያስ ምን ሆነ?» የሚል ጥያቄ ግን አልመጣም። ወላጅና ልጅ አብረው ሲያነቡ የተመለከቱ ጥናቶችም ታብሌት ሲያዝ ስለ ታሪኩ የሚወራው እንደሚቀንስ፣ «አትንኪው፣ እዚህ ጋ ጫኚ» የሚለው እንደሚበዛ ያሳያሉ። ድምፁንና ጨዋታውን ያጥፉት። ከዚያ እንደ ወረቀት መጽሐፍ ጭንዎ ላይ አስቀምጠዋት ያንብቡላት፤ ይጠይቋት።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ በጆሮ መስማት ማንበብ ይባላል?

መልስ፦ ማንበብ ለሚችል ሰው ታሪኩን ለመረዳት ያው ነው፤ ማንም አያሳፍርህ። ፊደል እየለመደ ያለ ልጅ ግን ዓይኑ ፊደሉ ላይ መሆን አለበት። ለዓይነ ስውራን ደግሞ ድምፅ ዋናው በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የማራኬሽ ስምምነት የተፈረመውም መጻሕፍት እነሱ በሚያነቡት መልክ እንዲዘጋጁና ድንበር እንዲሻገሩ ነው።

ጥያቄ፦ ገንዘብ ከፍዬ ያወረድኩት ኢ-መጽሐፍ የኔ ነው አይደል?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አይደለም። የገዛኸው የማንበብ ፈቃድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የኢንተርኔት ሻጩ አማዞን በቅጂ መብት ጉዳይ የተነሳ ሰዎች ከፍለውባቸው የነበሩ መጻሕፍትን ኪንድል ከሚባለው የኢ-መጽሐፍ ማንበቢያቸው ላይ በርቀት አጥፍቷል። ገንዘቡን መለሰ፣ በኋላም ይቅርታ ጠየቀ። ግን አስበው፤ መጽሐፍ ሻጭ ሌሊት ቤትህ ገብቶ ከመደርደሪያህ ላይ መጽሐፍ አንስቶ ብሩን ጠረጴዛው ላይ ትቶልህ ቢሄድ ምን ትላለህ? ለልጆችህ ልታቆየው የምትፈልገውን በወረቀት ግዛ፤ ወይም መቅዳትን የሚከለክል ቁልፍ የሌለበትን ፋይል ፈልግ። የቅጂ መብታቸው ያለፈ ቆየት ያሉ ሥራዎችን እ.ኤ.አ. በ1971 የተጀመረው ፕሮጀክት ጉተንበርግ የተባለ የኢ-መጽሐፍ ቤተ መጻሕፍት በነጻ ያቀርባል።

ጥያቄ፦ አስተማሪ ነኝ። የቤት ሥራ ሲጠየቅ ራሱ በሚጽፈው ፕሮግራም፣ በቻትጂፒቲ፣ ተሠርቶ ይመጣል። ጽሑፉ ያምራል፤ «ይህ ዐረፍተ ነገር ምን ማለት ነው?» ስላቸው ግን ዝም ይላሉ። ልከልክል?

መልስ፦ ቤት ውስጥ የሚሠራውን መከልከል ለቃል ያህል ነው። «ይህ በማሽን የተጻፈ ነው» የሚሉ መለያ ሶፍትዌሮችንም አይመኑ። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ መለያ አውጥቶ ነበር፤ በትክክል አይለይም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2023 አነሳው። በዚህ የተነሳ ራሱ የጻፈ ልጅ «ሰርቀሃል» ቢባል ያ ቁስል ቶሎ አይድንም።

እርስዎ ጥሩውን ጥያቄ ቀድሞውኑ ጠይቀዋል። የመጀመሪያውን ረቂቅ ክፍል ውስጥ፣ በእጅ ያስጽፏቸው። ጽሑፉን ሲያስረክቡ ሁለት ደቂቃ ስለ ጻፉት ያስወሯቸው። አንድ ቀን ደግሞ የማሽኑን መልስ አትመው ይስጧቸውና ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር እያስተያዩ ስህተቱን ፈልገው እንዲያወጡ ያድርጉ። ማሽኑ የሌለ መጽሐፍ እንዳለ አድርጎ እንደሚጠቅስ በዓይናቸው ሲያዩ፣ መጽሐፉን ወደው ይገልጡታል። ለአንድ ወር ይሞክሩትና የሆነውን ይጻፉልኝ።