ጋራዡን መኝታ ቤት ላድርገው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ ጅማ ቦሳ ቂጦ ነው የምኖረው። ግቢያችን ውስጥ 3 በ6 የሆነ የብሎኬት ጋራዥ አለ፣ መኪናዋን ከሸጥናት ቆይተናል፣ አሁን ባዶ ጆንያና የተሰበረ ወንበር ነው የሞላው። ልጄ ልታገባ ስለሆነ ቤት እስኪያገኙ እዛ ይኑሩ ብዬ አሰብኩ፣ ከዛ በኋላ ለተማሪ ባከራየውም አይከፋም። ጎረቤቴ ግን «ግድግዳ እስካልጨመርሽ ማን ይጠይቅሻል፣ ሊሾውን አሳምረሽ አስገቢያቸው» ትለኛለች። እውነቷን ነው?

መልስ፦ በቅድሚያ እንኳን ደስ ያለዎት! ጎረቤትዎ ግን ልክ አይደሉም። የህንጻ ህጉ ግንባታ የሚለው አዲስ ቤት መስራትን ብቻ አይደለም፣ ያለውን ማሻሻልንም አገልግሎቱን መቀየርንም ይጨምራል። ስለዚህ አንድ ብሎኬት ባይጨምሩም መኪና ማቆሚያውን ሰው ሊያድርበት ከሆነ ፈቃድ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ካርታዎንና የጸደቀውን የቤት ፕላን ይዘው ማዘጋጃ ግንባታ ፈቃድ ጋ ይሂዱ፣ መጀመሪያ የሚያዩት ጋራዡ ፕላኑ ላይ አለ ወይ የሚለውን ነው፣ ከሌለ ወሬው ሌላ ነው የሚሆነው። ሴራሚክ መግዛት ከዛ በኋላ ይደርሳል።

አሁን ወደ ወለሉ እንምጣ፣ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ጋራዥ ሲሰራ ውሃው እንዲወጣ ወደ በሩ ዘቅዘቅ ተደርጎ ነው የሚሞላው፣ ብዙ ጊዜም ከግቢው እኩል ነው፣ የጅማን ክረምት ደግሞ እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል። አንድ ሜትር የሚሆን ወፍራም ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግተው ዙሪያውን በፕላስተር ይለጥፉትና ለሁለት ቀን ይተዉት። ሲያነሱት ከስሩ ጠብታ ካለ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ እርጥበት ከመሬት እየመጣ ነው፣ እላዩ ላይ ሊሾ ቢደርቡ ፍራሹ ሻጋታ ያወጣል። ላስቲክ ተነጥፎበት ከግቢው ከፍ ብሎ እንደገና መሞላት አለበት፣ ግን ከፍ ሲል ኮርኒሱ ይቀርባልና አስቀድመው ያስለኩ።

መስኮት ባለሙያዎቹ ቢያንስ የወለሉን አንድ አስረኛ ይላሉ፣ ለእርስዎ 18 ካሬ ወለል 1.8 ካሬ መሆኑ ነው። በጎረቤት በኩል ያለውን ግድግዳ እንዳይነኩት፣ ጠብ ነው! ትልቁን የላሜራ በር ነቅለው ክፍተቱን ግማሹን በብሎኬት ዘግተው በርና መስኮት እዛው ያውጡ፣ ከበሩ በላይ ግድግዳውን የሚሸከመው አግዳሚ ስላለ ወጪውም ይቀላል።

መስኮቱ ለውበት አይምሰልዎት። በተዘጋ ክፍል ከሰል ተቀጣጥሎ ሲታደር የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሰው ተኝቶ ይቀራል። ሙሽሮቹ ቡናውን በረንዳ ላይ ያፍሉት።

ኪራዩን በተመለከተ፣ በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320 ውሉ በጽሁፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ይላል፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይበልጥም። የኪራይ ግብርም አለ። ማዘጋጃ ሲሄዱ ኪራዩ ጅማ ላይ የት እንደሚመዘገብ እግረ መንገድዎን ይጠይቁ።