ሙት ጆሮ ያሳየንና የደበቀን

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወጣት የጆሮ ምርመራ ባለሙያ ጥያቄ ላከችልኝ። የሦስት ወር ሕፃን ይዛለች። በተወለደ በሦስተኛው ቀን በኦኤኢ፣ ማለት ውስጠኛው ጆሮ ራሱ የሚመልሰውን ድምፅ በሚያዳምጥ መሣሪያ፣ ተመርምሮ ሁለቱም ጆሮዎቹ «አልፈዋል» ተብሏል። እናቱ ግን «በር ሲላተም እንኳ አይደነግጥም» ትላለች። «መሣሪያውን ልመን ወይስ እናቱን?» ስትል ጠየቀችኝ። መልሱን ከታች እጽፍላታለሁ። ጥያቄዋ ግን አንድ የቆየ ጸጸት ቀስቅሶብኛልና ከእሱ ልጀምር።

አንድ ቀን የውስጠኛውን ጆሮ አሠራር ስላጠናው ሃንጋሪያዊ፣ ስለ ጌኦርግ ፎን ቤኬሺ፣ ሳስተምር ከኋላ የሚቀመጥ ዝምተኛ ተማሪ እጁን አወጣ። «መምህር፣ ይህ ሁሉ የታየው በአስከሬን ጆሮ ላይ ከሆነ፣ የሕያው ሰው ጆሮም እንደዚሁ መሆኑን በምን አወቅን?» አለኝ። «የኖቤል ሽልማት የተሰጠበት ሥራ ነው» ብዬ ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፍኩ። ልጁ ከዚያ በኋላ እጁን ሲያወጣ አላየሁም። ጥያቄው የሙያችን ትልቁ ጥያቄ እንደነበር ሳውቅ እሱ ተመርቆ ሄዶ ነበር። ያን ቀን ልነግረው ይገባኝ የነበረውን ለእናንተ እነግራችኋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቤኬሺ በ1899 ቡዳፔስት ተወለደ። አባቱ ዲፕሎማት ስለነበር ልጅነቱ በሙኒክ፣ በቁስጥንጥንያ፣ በቡዳፔስትና በዙሪክ አለፈ። በስዊዘርላንዷ በርን ከተማ ኬሚስትሪ ተምሮ በ1923 ቡዳፔስት ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪውን ያዘ። ሥራ የገባው ግን ፖስታ ቤት ነው። ያን ጊዜ ሃንጋሪ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ደኽይታ ወጥታ ነበር፤ የስልኩን ሥራ የያዘው የመንግሥት ፖስታ ቤት ደህና ዕቃ ያለው ላቦራቶሪ ከነበራቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነበር። እዚያ የቀረበለት ጥያቄ የቴክኒሻን ጥያቄ ነው፦ የሰው ጆሮ ከስልኩ ምን ያህል ይበልጣል? ጆሮው የማይለየውን ነገር ለማሻሻል ገንዘብ ማፍሰስ ከንቱ ስለሆነ፣ የስልኩን ጥራት ለመወሰን ጆሮውን ራሱን ማወቅ ግድ ሆነ። ሐኪም ያልሆነ የስልክ መሐንዲስ ወደ ሰው ጆሮ የገባው በዚህ በር ነው።

በዚያ ዘመን ስለ ውስጠኛው ጆሮ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ሐሳቦች ነበሩ። ዋነኛው የጀርመናዊው ሳይንቲስት የሄልምሆልትዝ ነበር። እንደ ቀንድ አውጣ በተጠመዘዘው ኮክሊያ ውስጥ ያለው ባዚላር ሜምብሬን የሚባል ስስ ሽፋን እንደ በገና አውታሮች በተወጠሩ ክሮች የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ክር የራሱን ድምፅ ሲያገኝ ይርገበገባል የሚል ነው። ሌሎች ሜምብሬኑ እንዳለ በአንድ ጊዜ እንደ ስልክ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል አሉ። በቦታው የቆመ ሞገድ ነው ያሉም ነበሩ፤ የሚጓዝ ሞገድ ነው ያሉም።

ቤኬሺ ክርክሩ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሞዴል ሠራ። ውኃ የሞላበት ቱቦ ወስዶ በመሃሉ ስንጥቅ አወጣ፤ ስንጥቁን በስስ ጎማ ሸፈነው። የጎማውን ውፍረትና ግትርነት ሲለዋውጥ እነዚያ የሚጣሉት ሐሳቦች ሁሉ አንድ በአንድ እፊቱ ታዩ። ጎማው እንዲህ ሲሆን አንዱ ትክክል ይሆናል፤ እንዲያ ሲሆን ሌላው። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡበት። ለዓመታት የተካሄደው ክርክር ወደ አንድ የሚለካ ነገር ወረደ፦ የእውነተኛው ሜምብሬን ግትርነት ስንት ነው? የሞዴሉን ውጤት በ1928 አሳተመ፤ ከዚያ አጥንቱን ራሱን ለመክፈት ተነሣ።

ጆሮን የያዘው አጥንት በሰውነታችን ካሉት ሁሉ ጠንካራው ነው፤ በውስጡ ያለው ግን ከሸረሪት ድር የማይሻል ስስ ነገር ነው። ሜምብሬኑ ቢዘረጋ ርዝመቱ 35 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ስፋቱ በሥሩ በኩል ወደ 0.1፣ በጫፉ በኩል ወደ 0.5 ሚሊ ሜትር። ከተለመደው የአናቶሚ አሠራር ብትሄዱ አጥንቱ በኬሚካል ይደርቃል፤ ያን ጊዜ የምትለኩት ግትርነት የኬሚካሉ እንጂ የጆሮው አይሆንም። ስለዚህ በተቻለ መጠን ትኩስ አስከሬን ያስፈልጋል። ሥራው ሁሉ ፈሳሽ ውስጥ ሰጥሞ ነው የሚሠራው፤ አየር ከነካው ሜምብሬኑ ይደርቃል፣ ይጨማደዳል። አጥንቱ ሲቦረቦር የሚወጣው ዱቄት እይታን እንዳይጋርድ ውኃው እየፈሰሰ ጠርጎ መውሰድ አለበት። መቀሶቹንና መርፌዎቹን በልኩ ራሱ ሠራ፤ ገበያ ላይ የሉማ።

ክሮቹ የተወጠሩ መሆናቸውን ለማወቅ ያደረገው ፈተና ከሁሉ የምወደው ነው። በጣም ቀጭን ጫፍ ባለው መርፌ ሜምብሬኑን ጫን አድርጎ ጉድጓዱን በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። አውታሮቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ተወጥረው ቢሆን ጉድጓዱ በክሮቹ አቅጣጫ ይረዝም ነበር። የተወጠረ ቆዳ ሲሰነጠቅ አፉን እንደሚከፍት ሁሉ ሜምብሬኑም ሲቆረጥ መከፈት ነበረበት። ጉድጓዱ ክብ ሊባል የሚችል ሆነ፤ ቁርጡም አልተከፈተም። በገናው እዚያው ወደቀ። ግትርነቱ ከሥሩ ወደ ጫፉ ሲኬድ መቶ እጥፍ ያህል እየቀነሰ እንደሚሄድም ለካ።

ቀጥሎ እንቅስቃሴውን ማየት ነበረበት። በኮክሊያው ጫፍ በኩል አጥንቱን ከፍቶ ብርሃን በሚያሳልፈው የላይኛው ስስ ሽፋን ላይ የብር ብናኝ ነሰነሰ፤ ብርሃን መልሶ የሚያሳይ ነገር ከሌለ ማይክሮስኮፑ ምንም አያይም። ድምፁን በሌላው በኩል፣ ርካብ አጥንት በሚገፋበት መስኮት አስገባ። ፈጣኑን ንዝረት ዓይን እንዲከተለው ስትሮቦስኮፕ በሚባል፣ ቶሎ ቶሎ እየበራ በሚጠፋ መብራት ብልጭታ አዘገየው። ያየውን ለመረዳት ጋቢ በሁለት እጅ ይዛችሁ ስታራግፉ አስቡ፤ ሞገዱ ከእጃችሁ ተነሥቶ ወደ ዘርፉ ይሄዳል። ጆሮ ውስጥም ሞገዱ ከሥሩ ተነሥቶ ይጓዛል፣ እየተጓዘ ያድጋል፣ አንድ ቦታ ላይ ከፍታው ላይ ደርሶ ወዲያው ይሞታል። ቀጭን ድምፅ ሥሩ አጠገብ ይሞታል፤ ወፍራሙ እስከ ጫፉ ይደርሳል። ከአይጥ እስከ ዝሆን በብዙ እንስሳት ላይ ደግሞ አየው። በ1961 ኖቤልን ያገኘው በዚህ ነው።

አሁን ወደዚያ ተማሪ ጥያቄ ልመለስ። ሞገዱ በዚያ ማይክሮስኮፕ እንዲታይ ቤኬሺ የተጠቀመው ድምፅ ሕያው ጆሮን የሚያሳምምና የሚጎዳ፣ ከ130 ዴሲቤል ያላነሰ ነበር። ያየውም በተለይ በጫፉ በኩል፣ ዝቅተኛ ድምፆችን ነው። ጆሮው ደግሞ ሞቷል። እሱ ያየው የሞገድ ጉብታ ሰፊ ነው፤ ጤነኛ ሰው ግን 1000 ሄርዝንና 1005 ሄርዝን ለይቶ ይሰማል። ያን ያህል ሰፊ ጉብታ ያን ያህል ጥርት ያለ መስማት እንዴት ይወልዳል? ቤኬሺ ጉድለቱን አይቶታል፤ መልሱን የፈለገው ግን ነርቭ ውስጥ ነው። በክንድ ልክ የሚሆን ውኃ የሞላ ቱቦ ሠርቶ ክንድን አስደገፈበት፤ ሞገዱ በቱቦው ሁሉ ሲሮጥ ቆዳው ግን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ቦታ ላይ ብቻ ይሰማው ነበር። ነርቮች ጎረቤታቸውን ዝም ያሰኛሉ አለ። ስለ ቆዳ የተናገረው ትልቅ ነገር ነው። ለጆሮው ግን ዋናው መልስ ሌላ ቦታ ነበር።

በ1948 ቶማስ ጎልድ የሚባል ወጣት የፊዚክስ ሰው ሜምብሬኑ በፈሳሽ ውስጥ ያለ ስለሆነ ፈሳሹ ንዝረቱን ያንቀዋል፣ ስለዚህ ሕያው ጆሮ ከራሱ ኃይል እየጨመረ መሆን አለበት ብሎ ጻፈ። ለብዙ ዓመታት የሰማው የለም። በ1971 ዊልያም ሮድ በሕያው ጦጣ ጆሮ ላይ ለካ። ድምፁ ሲያንስ ሜምብሬኑ እንደ ድምፁ ልክ አይቀንስም፤ ለደካማ ድምፅ አብልጦ ይንቀሳቀሳል። እንስሳው ሲሞት ይህ ጠፋ። ቤኬሺ በዓመቱ፣ በሰኔ 1972፣ ሆኖሉሉ ላይ አረፈ። በ1978 ዴቪድ ኬምፕ ለንደን ላይ የጆሮን ቀዳዳ በትንሽ ማይክሮፎን ዘግቶ ቀጭ የሚል ድምፅ ሲልክ ጥቂት ሚሊ ሴኮንድ ቆይቶ ጆሮው ራሱ ድምፅ መለሰለት፤ ኦኤኢ የምንለው ይህን መልስ ነው። በ1985 ደግሞ ዊልያም ብራውኔልና ባልደረቦቹ ኮክሊያ ውስጥ ያሉት «የውጭ ፀጉር ሴሎች» የሚባሉት በኤሌክትሪክ እንደሚያጥሩና እንደሚረዝሙ አሳዩ። ደካማውን ሞገድ ከመቶ እጥፍ በላይ የሚያሳድጉት እነዚህ ሴሎች ናቸው፤ ደም ሲቋረጥባቸው ፈጥነው ይሞታሉ። ቤኬሺ መርፌውን ሲያነሣ እነሱ ሞተው ነበር። ያ ተማሪ የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር።

ቤኬሺን ለማሳነስ አይደለም ይህን የጻፍኩት። ስህተትህን ለማግኘት ጉልበቱን የሚያፈስ ጥሩ ጠላት ይኑርህ ብሎ ያስተማረው እሱ ራሱ ነው። እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ የመጣልኝን አንድ ጥሩ ጠላት ዝም አሰኘሁት።

የዛሬ ወጣቶች ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ሲበራ ልባችሁ ቶሎ ያርፋል፤ ይህ ያሳስበኛል። እኛም በታተመ መጽሐፍ እንዲሁ እናርፍ ነበርና ብዙ ልወቅሳችሁ አልችልም። «መሣሪያ የለንም» ስትሉም እነዚያን የጎማና የቱቦ ሞዴሎች አስታውሱ እላለሁ። ግን በሌላ በኩል ልኩ ባልተረጋገጠ ኦዲዮሜትር (የመስማት መለኪያ መሣሪያ) ከመመርመር አለመመርመር ይሻላል። ጠዋት ጠዋት ከመጀመሪያው ታካሚ በፊት የራሳችሁን ጆሮ መርምሩበት፤ ገመዱን እያወዛወዛችሁ ድምፁ የሚቆራረጥ መሆኑን ስሙ።

ስለ ኦዲዮሜትር ካነሣሁ፣ ቤኬሺ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስቶክሆልም ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ሳለ በ1947 የሠራውን ልንገራችሁ። ታካሚው ራሱ ቁልፍ ይይዛል። ሲሰማ ይጫናል፣ ድምፁ እየደከመ ይሄዳል፤ ሲጠፋበት ይለቃል፣ ድምፁ ይመለሳል። ብዕር መጋዝ የመሰለ መስመር ይሥላል፤ የጥርሶቹ መሃል የመስሚያው ደፍ፣ ማለት ጆሮው ሊሰማው የሚችለው ዝቅተኛው ድምፅ፣ ነው። በጤነኛ ጆሮ የጥርሱ ቁመት 10 ዴሲቤል ያህል ነው፤ ኮክሊያው በተጎዳ ጆሮ በቀጭን ድምፆች ላይ ጥርሶቹ ወደ 5 ዴሲቤልና ከዚያም በታች ያጥራሉ። ዛሬ በእጅ ስትመረምሩም ዘዴው የዚሁ ዘመድ ነው፦ ከተሻለው ጆሮ፣ ከ1000 ሄርዝ ትጀምራላችሁ፤ ሲሰማ 10 ዝቅ፣ ሳይሰማ 5 ከፍ። ድምፁን በእኩል ምት አትላኩ፤ ታካሚው ምቱን ቆጥሮ ይመልስላችኋል። አረጋውያን ላይ የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳውን ተጭኖ ይዘጋና በቀጭን ድምፅ ላይ የሌለ ድክመት ያሳያል፤ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ማዳመጫ ተጠቀሙ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ ልጄ። ኦኤኢ የሚጠይቀው የውጭ ፀጉር ሴሎችን ብቻ ነው። እነሱ ከመለሱ «አልፏል» ይላል። ከእነሱ በኋላ ያሉት የውስጥ ፀጉር ሴሎች ወይም ነርቩ ቢታመሙ አያውቅም። አነስተኛ ድክመትም ሊያመልጠው ይችላል፤ ከተወለደ በኋላ የመጣ ጉዳት ደግሞ በሦስተኛው ቀን ምርመራ ውስጥ የለም። ስለዚህ ልጁ ያለ ቀኑ ተወልዶ እንደሆነ፣ ሲወለድ ታፍኖ እንደነበር፣ ብጫነቱ ከባድ እንደነበር፣ ማጅራት ገትር ይዞት እንደሆነ እናቱን ጠይቂ። ኦኤኢውን ድገሚው። የመሃል ጆሮውን በቲምፓኖሜትር (የጆሮ ታምቡርን እንቅስቃሴ በሚለካው መሣሪያ) ስታዪ በዚህ ዕድሜ በ1000 ሄርዝ ድምፅ እንጂ በ226 አይሁን፤ ለስላሳው የሕፃን ጆሮ በ226 ሐሰተኛ ጤና ያሳያል።

ከዚያ ኤቢአር የሚባለው ምርመራ ይሠራለት፤ እሱ ነርቩንና የአንጎል ግንዱን ይጠይቃል። ጠብቶ በእንቅልፍ ላይ ሳለ ይሁን። ቆዳውን በደንብ ጠርገሽ የኤሌክትሮዶቹን ኢምፒዳንስ (ለኤሌክትሪክ ያላቸውን መቋቋም) ከ5 ኪሎ ኦም በታች አድርጊ፤ ጆሮ ውስጥ በሚገባ ማዳመጫ፣ በሁለቱም የድምፅ ግፊት አቅጣጫ ለየብቻ መዝግቢ። መስመሩ አቅጣጫውን ስትለውጪ ከተገለበጠና በኋላ ምንም ሞገድ ካልተከተለው የፀጉር ሴሎቹ እየሠሩ መልእክቱ ነርቩ ላይ እየጠፋ ነው። ግን ከማመንሽ በፊት የማዳመጫውን ቱቦ በጣትሽ ቆንጥጠሽ ድገሚ፤ ድምፁ ተዘግቶ መስመሩ ካልጠፋ ያየሽው የኤሌክትሪክ ጥላ ነው። እናንተ ዘንድ ኤቢአር ከሌለ ወዳለበት ዛሬውኑ ላኪው፤ ስድስት ወር እስኪሞላው አትጠብቂ። እናቱ ያለችውንም እንዳለችው፣ በራሷ ቃል፣ ከነቀኑ ካርዱ ላይ ጻፊው።